ከኦጋዴን እስከ ወጣቶች ደሴት

ተማሪዎች ተሰባስበው ወደ ውጭ አገር የባሕር ዳርቻ ሄዱ ሲባል ብዙውን ጊዜ ነገሩ ሽርሽር ነው። ፀሐይ ይሞቃሉ፣ ይዋኛሉ፣ ፎቶግራፍ ይነሣሉ፣ በሳምንቱ ይመለሳሉ። ከ1971 ዓ.ም. ጀምሮ ከአገራችን ወደ ካሪቢያን ባሕር የተጓዙት ተማሪዎች ጉዳይ ግን ሌላ ነው። ብዙዎቹ ሕፃናት ሆነው ሄደው የተመለሱት ጎልማሶች ሆነው ነው።

የኦጋዴንን ጦርነት አንባቢ ስለሚያውቀው አልዘገይበትም። ሐምሌ 1969 የሶማሊያ ጦር ድንበር ጥሶ ገባ፤ ኩባ ከዐሥር ሺህ በላይ ወታደር ላከች፤ የካቲት 26 ቀን 1970 ዓ.ም. ጅጅጋ ተመልሳ ተያዘች። በየቤቱ የቀሩት ግን አባቶቻቸው ከዘመቻ ያልተመለሱ ልጆች ነበሩ። ኩባ ከእነዚህ መካከል በሺህ የሚቆጠሩትን ወስዳ ለማስተማር ተስማማች። በዚያን ጊዜ ቋንቋ ይህ «ወዛደራዊ ዓለም አቀፋዊነት» ይባል ነበር።

የተወሰዱት ከኩባ ዋና ምድር በስተደቡብ ወደምትገኝ፣ 2,200 ካሬ ኪሎ ሜትር ያህል ስፋት ወዳላት ደሴት ነው። ደሴቲቱ የራሷ ታሪክ አላት። ስፔኖች በቅኝ ግዛት ዘመን ያልወደዱትን ሰው ያግዙባት ነበር፤ የኩባ ነፃነት አባት የሚባለው ሆሴ ማርቲ ገና በ17 ዓመቱ ወደዚያ ተልኳል። ፊደል ካስትሮም ከሞንካዳው ጥቃት በኋላ ከ1946 እስከ 1947 ዓ.ም. የታሰረው እዚያው ነው። ከእስር ቤቱ ብዙም ሳይርቅ ቢቢሃጓ የሚባል፣ አሸዋው ጥቁር የሆነ የባሕር ዳርቻ አለ። ሐምሌ 1970 የደሴቲቱ ስም ከ«ጥድ ደሴት» ወደ «ወጣቶች ደሴት» ተለወጠ። እስረኛው መንግሥት ሲሆን የታሰረበትን ምድር ትምህርት ቤት አደረገው ማለት ነው፤ ፊደል እንዲህ ያለ ነገር ይወድ ነበር።

ትምህርት ቤቶቹ በፍራፍሬ እርሻ መካከል የተሠሩ ሲሆኑ እያንዳንዳቸው እስከ 600 ተማሪ ይይዙ ነበር። አንጎላ፣ ሞዛምቢክ፣ ናሚቢያ የየራሳቸው ትምህርት ቤት ነበራቸው። ከእኛዎቹ አንዱ «መንግሥቱ ኃይለ ማርያም»፣ ሌላው «ካራማራ» ይባሉ ነበር። በካራማራ አባቱን ያጣ ልጅ ደብተሩ ላይ በየቀኑ ያንን ስም ሲጽፍ ይታያችሁ። ትምህርቱ በስፓንኛ ነበር፤ የአገራቸውን ቋንቋ፣ ታሪክና ጂኦግራፊ ግን ከኢትዮጵያ የተላኩ መምህራን ያስተምሯቸው ነበር። ግማሹ ቀን ለትምህርት፣ ግማሹ ለእርሻ ሥራ ነው። ግሬፕፍሩት ይለቅማሉ፣ ያርማሉ።

ይህን የሕፃናት ጉልበት ብዝበዛ የሚሉት አሉ። እኔ በበኩሌ ነገሩ በዚህ አንድ ቃል የሚዘጋ አይመስለኝም። የኩባ ልጆችም በገጠር ትምህርት ቤቶቻቸው እንዲሁ ይሠሩ ነበር፤ ምግቡ፣ ልብሱ፣ ሕክምናውና መጽሐፉ በነፃ ነበር፤ ከዚያ ትምህርት ቤት ተነሥተው ሐኪምና መሐንዲስ የሆኑ ጥቂት አይደሉም። እኔን የሚከነክነኝ ከፍሬ ለቀማው ይልቅ የመመለሻው ነገር ነው። መንግሥት ልጆቹን ሲልክ የሚቀበላቸው ያው መንግሥት እንደሚሆን እርግጠኛ ነበር።

አልሆነም። የለቀሙት ፍሬ በብዛት የሚሸጠው ለሶቪየት ኅብረትና ለምሥራቅ አውሮፓ ነበር። ያ ገበያ ሲፈርስ ነዳጁም ምግቡም አብሮ ጠፋ፤ ኩባ «ልዩ ዘመን» ወዳለችው የችጋር ጊዜ ገባች። በግንቦት 1983 ደግሞ አዲስ አበባ ላይ መንግሥት ተለወጠ። ልጆቹን የላከው መሪ ዚምባብዌ ገብቷል፤ በስሙ የተሰየመው ትምህርት ቤት ተማሪዎች ደሴት ላይ ናቸው። አንዳንዶቹ እዚያው ቀሩ፣ አንዳንዶቹ ወደ ሌላ አገር ተሻገሩ፣ ሌሎቹ ወደማያውቁት አዲስ አበባ ተመለሱ።

ልጅ ሳለሁ በሰፈራችን «ኩባ» እያልን የምንጠራው ሰው ነበር። እኛ በአደባባይ የምናፍርበትን ዳንስ እሱ ያለ ሙዚቃ በጠራራ ፀሐይ ይደንስ ነበር። ያበደ የሚመስላቸው ነበሩ። በግብርና ትምህርት ዲግሪ እንደነበረው ያወቅሁት ካደግሁ በኋላ ነው። ማስረጃው በስፓንኛ ስለተጻፈ ሥራ ፍለጋ በሄደበት ሁሉ አስተርጉመህ አምጣ ይሉት እንደነበር እናቴ ነገረችኝ።

በቸርችል ጎዳና በ1977 ዓ.ም. የቆመው የትግላችን ሐውልት የወደቁትን የኩባ ወታደሮች ምስል ይዟል፤ ይገባቸዋልም። ወደዚያ ማዶ የተሻገሩት ልጆች ግን በሐውልትም በመማሪያ መጽሐፍም ብዙ አልታሰቡም። በዚያ ዘመን የዐሥር ዓመት ልጅ የነበረው ዛሬ ስድሳ ሊሞላው ጥቂት የቀረው ሰው ነው። በስፓንኛ እየቀለዱ ቡና የሚጠጡትን አሁንም በከተማችን ማግኘት ይቻላል።