ወረቀቱ የሚለውና ሰው የሚሰማው

ባለፈው ወር ለመምህራን ሥልጠና የመውጫ ፈቃድ አግኝቼ ናይሮቢ ሄጄ ነበር። ሥልጠናው ጊጊሪ ነው። ጊጊሪን የማታውቁ ካላችሁ፣ የተባበሩት መንግሥታት ትልቁ ግቢና ብዙ ኤምባሲዎች ያሉበት፣ ዛፍ የበዛበት ሰፈር ነው። እዚያ አንድ በር ላይ ማስታወቂያ ተለጥፎ፣ ከፊቱ አንዲት ያገራችን እናት ቆመው አገኘኋቸው። ወረቀቱ በእንግሊዝኛ ነው። ስደተኞች መረጃቸውን እንዲያድሱ የሚል፣ ቀንና ሰዓት ያለው ተራ ነገር። አንብቤ ተረጎምኩላቸው። ዝም ብለው ሰሙኝና «እሺ ልጄ፣ ወረቀቱ የሚለው ይኼ ነው። የሚፈልጉትስ ምንድነው?» አሉኝ።

መልስ አልነበረኝም። ግን ጥያቄያቸው ከየት እንደመጣ የማውቅ ይመስለኛል። ዩኒቨርሲቲ የጀመርኩት የታሪክ ትምህርት ነበርና፣ ባልጨርሰውም እንዲህ ያለ ነገር አይለቀኝም።

ድሮ የመንግሥት ቃል የሚነገረው በነጋሪት ነበር። ነጋሪት ይጎሰማል፣ ሕዝብ ይሰበሰባል፣ አዋጁ ይነገራል። በ1934 ዓ.ም. የሕግ ጋዜጣ ሲቋቋም ነጋሪት ጋዜጣ የተባለውም ከዚሁ የተነሳ ነው። ሁሉም በአንድ ቦታ አንድ ቃል ስለሰማ «የአዋጁን በጆሮ» የሚለው ተረት እስከዛሬ አለ። ሕዝቡ ደስ ብሎት ሰማ ማለቴ አይደለም፤ ግብሩም ዘመቻውም የሚታወጀው በዚያው ከበሮ ነው። ቢሆንም የተባለው ነገር የታወቀ ነበር።

መንግሥት ደጃችን ድረስ የመጣው ግን በቀበሌ ነው። ሐምሌ 19 ቀን 1967 ዓ.ም. ደርግ የከተማ ቦታንና ትርፍ ቤትን በአዋጅ ወሰደ። በዚያው አዋጅ የድሃው ኪራይ እስከ ግማሽ ድረስ ቀነሰ፣ የከተማ ነዋሪዎች ማኅበራትም፣ ማለት ቀበሌዎች፣ ተቋቋሙ። እስከ 100 ብር የሆነውን ኪራይ የሚሰበስቡት እነሱ ነበሩ። እናቴ ያኔ የአሥራ አምስት ዓመት ልጅ ነበረች። የቀበሌው ድምፅ ማጉያ ሲጮህ ሰው ሮጦ ይወጣ ነበር ትላለች። የሚናገረው ሰፈሩ የመረጠው፣ ቤቱ የሚታወቅ ጎረቤት ነው። ኪራይ ቀነሰ ሲል ቀንሷል፤ ወር ሲደርስ ታየዋለህ።

በሁለተኛው ዓመት ነገሩ ተለወጠ። በ1969 ዓ.ም. አዋጅ ቁጥር 104 የቀበሌዎችን ሥልጣን አሰፋ፣ አብዮት ጠባቂዎችም ታጠቁ። በዚያው ዓመት መጋቢት አዲስ አበባ ውስጥ ቤት ለቤት አሰሳ ተደረገ። ሰው ከቤት እንዳይወጣ ተባለ፣ ቤቱን ሊፈትሹ የመጡት ደግሞ ሰፈሩን የሚያውቁ ናቸው። ኪራይ የቀነሰው አፍ ነው አሁን ስም የሚጠራው። እናቴ ከዚያ ወዲህ ማጉያው ሲጮህ ቃሉን መስማት ተወች። ማነው የሚናገረው? ለምን ዛሬ? እነዚህን ነበር የምታዳምጠው። ስብሰባም ትሄዳለች፣ ታጨበጭባለች፣ እቤት ስትገባ ግን የተባለውን አትደግምም።

ላለማዳላት አንድ ነገር ልጨምር። በ1971 ዓ.ም. የመሠረተ ትምህርት ዘመቻ ሲጀመር ያው ቀበሌ ነው አሮጊት ሽማግሌውን ለፊደል የጠራው። የግዴታም መልክ ነበረው። ሰው ግን ተማረ፣ በኋላ ትምህርቱ በ15 ቋንቋዎች ተሰጠ፣ ዘመቻው እ.ኤ.አ. በ1980 በዩኔስኮ በኩል ሽልማት አግኝቷል። ማጉያውን አምነው አይመስለኝም። ጎረቤታቸው ስሟን ስትጽፍ አይተው ነው።

እዚህ ኬንያም የሚመሳሰል ነገር ደርሷል። እ.ኤ.አ. ታኅሣሥ 18 ቀን 2012 የስደተኞች ጉዳይ መምሪያ በከተማ ያለ ስደተኛ ሁሉ ወደ ካምፕ ይግባ፣ የሶማሊያው ዳዳብ፣ ሌላው ካኩማ ብሎ አስታወቀ። በከተማ ምዝገባ ቆመ። ኢስሊ የነበሩ ሰዎች እንዳወሩኝ፣ ወሬውን የሰሙት ከሬዲዮና ከጎረቤት ነው፣ የሚጠይቁት ሰው አልነበረም። ፖሊስ ሰው እየያዘ ገንዘብ ይቀበል እንደነበር የመብት ድርጅቶች ጽፈዋል። ኪቱዮ ቻ ሼሪያ የሚባለው የሕግ ድርጅት ከሰሰ፣ ከፍተኛው ፍርድ ቤትም እ.ኤ.አ. ሐምሌ 26 ቀን 2013 ትእዛዙን ሻረው። በኛ አቆጣጠር ሐምሌ 19 ነው፣ የትርፍ ቤት አዋጁ ቀን! አጋጣሚ ነው፣ ግን ለተማሪዎቼ ስነግራቸው አይረሱትም። በመጋቢት 2014 ሌላ ትእዛዝ ወጣ፣ ሚያዝያ ላይ በሺዎች የሚቆጠሩ ሰዎች ተይዘው ብዙዎቹ ካሳራኒ ስታዲየም ገቡ። ይህኛውን ፍርድ ቤቱ አልሻረውም። እንግዲህ በ2013 ፍርዱን አምኖ የተቀመጠ ሰው በ2014 ምን ይመን?

እኛም ከዚህ ነጻ አይደለንም። ባለፈው ተርም የተማሪዎችን ዕድሜ ለመመዝገብ ቅጽ በተንን፣ ለምን እንደሆነ ግን አልተናገርንም። ከሦስት ወላጅ አንዱ ሌላ ዕድሜ ጻፈ። አንድ አባት «ለጉዞ ከሆነ ትንሽ ነው፣ ለሥራ ከሆነ ትልቅ ነው» አሉኝ። ሳቅኩ፣ በኋላ ግን አፈርኩ። ቀጥለን ወላጆችን ሰብስበን ቅጹን በአማርኛ፣ በኦሮምኛና በሶማልኛ አነበብን፣ አንድ መምህርም ጥያቄ እስኪያልቅ ተቀመጠ። ግማሽ ቀን ፈጀ። ብዙዎቹ ዕድሜውን አስተካከሉ።

ጊጊሪ ላይ ግን ግማሽ ቀን አልነበረኝም፣ ማታቱው እየጠበቀ ነው። ለእማማ የማውቀውን ነገርኳቸው፣ የማላውቀውንም ጠባቂውን ጠየቅኩላቸው፤ እሱም አያውቅም። ቀኑን በስልካቸው አስጻፉኝ። ይሂዱ አይሂዱ አልነገሩኝም።