የታሸገው ባትሪም ይተነፍሳል፤ ስለ ትንሿ የእርሳስና አሲድ ባትሪ ታሪክ



ንግግሬን በራሴ ስሕተት እጀምራለሁ። ገና ወጣት መምህር ሳለሁ፣ ለአደጋ ጊዜ መብራት የምንገለገልበትን ባለ 12 ቮልት፣ 7 አምፔር-ሰዓት ባትሪ ከመኪና ባትሪ ቻርጀር ጋር አገናኝቼ ወደ ቤቴ ሄድሁ። ማለዳ ስመለስ ቤተ ሙከራው እንደ ገማ እንቁላል ይሸታል፤ የባትሪው ጎኖች አብጠዋል፤ ፕላስቲኩ እጅ አያስነካም። ማንም አልተጎዳም። ሆኖም «የታሸገ ነገር እንዴት ይሸታል?» የሚለው ጥያቄ አልለቀቀኝም። መልሱን ያገኘሁት በባትሪው ታሪክ ውስጥ ነው።

ፈረንሳዊው የፊዚክስ ሊቅ ጋስቶን ፕላንቴ በ1859 እ.ኤ.አ. ሁለት የእርሳስ ሉሆችን ሳይነካኩ ጠቅልሎ በቀጭን ሰልፈሪክ አሲድ ውስጥ ነከራቸው። ደጋግሞ ሊሞላ የሚችል የመጀመሪያው ባትሪ ይህ ነበር። በ1881 እ.ኤ.አ. ካሚል ፎር ሉሁን በእርሳስ ኦክሳይድ ልቁጥ በመቀባት የሚይዘውን ኃይል አበዛው፤ ባትሪውም ወደ ፋብሪካ ምርትነት ተሸጋገረ።

አንድ ችግር ግን አልተፈታም ነበር። ባትሪው ወደ መሙላቱ ሲቃረብ ትርፉ ኤሌክትሪክ ውሃውን ወደ ሃይድሮጂንና ኦክስጅን ይከፍለዋል። ሃይድሮጂን በአየር ውስጥ 4 በመቶ ሲደርስ በአንዲት ብልጭታ ሊቀጣጠል ይችላል። ስለዚህ የባትሪ ክፍል መስኮት፣ ጠባቂም ያስፈልገው ነበር። ጠባቂው አረፋውን አይቶ መሙላቱን ያቆማል፤ የጎደለውን በተጣራ ውሃ ይተካል።

በ1950ዎቹ መጨረሻ ጀርመናዊው ኦቶ ያኼ አሲዱን በሲሊካ አማካይነት ወደ ጄል ለወጠው። በ1970ዎቹ መጀመሪያ ደግሞ በአሜሪካ የጌትስ ኩባንያ መሐንዲሶች አሲዱን በቀጭን የመስታወት ጭረት ምንጣፍ አስመጠጡት። በሁለቱም ዘዴ ከፖዘቲቩ ሰሌዳ የሚወጣው ኦክስጅን በጥቃቅን ክፍተቶች አልፎ ከኔጋቲቩ ይደርስና እንደገና ውሃ ይሆናል። ሂደቱ ግን ወሰን አለው። መሙላቱ ከልክ ሲያልፍ ጋዙ ይጠራቀማል፤ በክዳኑ ሥር ያለው ትንሽ ቫልቭ ተከፍቶ ያስወጣዋል። የወጣው ውሃ አይተካም። እንግዲህ «የታሸገ» የምንለው ባትሪ በእርግጥ በቫልቭ የሚተነፍስ ባትሪ ነው። ክዳኑ ሲዘጋ አደጋው ከውስጥ ቀረ፤ የተዘጋው አደጋውን የምናይበት መስኮት ነው። የቀድሞው ጠባቂ ሥራም በቻርጀሩና በእኛ ላይ ወደቀ።

ስለዚህ እያንዳንዱ የጥንቃቄ ደንብ ከዚህ ታሪክ ይመነጫል። ባለ 12 ቮልት ባትሪ ዘወትር ተሰክቶ የሚኖር ከሆነ፣ በ25 ዲግሪ ሴንቲግሬድ የተለመደው የመሙያ ቮልቴጅ ከ13.5 እስከ 13.8 ነው፤ በየጊዜው እየተሟጠጠ ለሚሞላ ደግሞ 14.4 እና ከዚያ ጥቂት ከፍ ያለ። የመጨረሻው ዳኛ በባትሪው ላይ የታተመው ቁጥር ነው። ለባለ 7 አምፔር-ሰዓት ባትሪ የሚፈቀደው ከፍተኛ የመሙያ ከረንት ከ2 አምፔር ብዙም አይርቅም፤ የእኔ ቻርጀር ከዚህ በእጅጉ ይበልጥ ነበር። አየር በማይገባበት ሣጥን ውስጥ አትሙሉት። ባዶውን አታቆዩት፤ በሰሌዳው ላይ የሚጠነክረው የእርሳስ ሰልፌት አቅሙን ይሰርቀዋል። ሙቀት በ10 ዲግሪ ገደማ በጨመረ ቁጥር ዕድሜው በግማሽ እንደሚያጥር አስቡ። ሁለቱን ጫፎች በብረት አታገናኙ፤ ይህች ትንሽ ሣጥን በቅጽበት ከ100 አምፔር በላይ ልትለቅ ትችላለች፤ የጣት ቀለበት ለማጋል ይህ ይበቃል። ያበጠውን ከቻርጀር አላቁት፤ ዳግመኛም አትሞክሩት።

ባትሪው ከሞተ በኋላም ታሪኩ አያበቃም። ከ2007 መገባደጃ እስከ 2008 እ.ኤ.አ. መጀመሪያ ድረስ በሴኔጋል፣ በዳካር አቅራቢያ በምትገኘው ቲያሮዬ ሱር ሜር፣ ከአሮጌ ባትሪዎች እርሳስ በሚለቀምበት ሰፈር 18 ሕፃናት ሞቱ። መርዙ ከአፈሩና ከአቧራው ጋር ተቀላቅሎ ነበር። ስለዚህ አሮጌውን ባትሪ ሰብሮ እርሳሱን በጓሮ ማቅለጥ በልጆቻችን ላይ መፍረድ ነው፤ በሥርዓቱ ለሚረከብ መልሱት።

መብራት በሚቆራረጥበት አገራችን ይህች ባትሪ በየቢሮው ጠረጴዛ ሥር ተቀምጣለች። ጸጥ ማለቷ ግን እንዳያዘናጋን። ዛሬ ወደየቤተ ሙከራችሁ ስትመለሱ ጎንበስ ብላችሁ ጎኗን ዳስሱ፤ በላይዋ የተጻፈውንም ቁጥር አንብቡ።