ቀጣዩን ክፍል የሚጠብቁ፦ የጉዞ ትረካ ከጄምስ ብሩስ እስከ ባንኮ ጎቲቲ

ጥቂት ጓደኛሞች የጎልፍ ዱላቸውን መኪና ላይ ጭነው ከአንዱ ሜዳ ወደ ሌላው ይነዳሉ። ካሜራ ይከተላቸዋል፤ ጨዋታው፣ ቀልዱ፣ ርካሹ ማደሪያና መንገድ የመሳቱ ጣጣ ሁሉ ይቀረጻል። ባለፉት አሥር ዓመታት ገደማ በአሜሪካ «ኖ ሌይንግ አፕ» የተባለው ቡድን «ቱሪስት ሶስ» እና በጠባብ በጀት የሚዞረውን «ስትራፕድ» ይዞ ይህን ዘውግ በጎልፍ ወዳጆች ዘንድ ከፍ አድርጎታል። ተመልካቹ አዲሱ ዙር ከመጀመሩ በፊት ስለ መንገዱ ይገምታል፣ ይከራከራል፣ ቀን ይቆጥራል። አብዛኛው ተመልካች በሚታዩት ሜዳዎች ላይ አንድም ቀን አይጫወትም። የሚጠብቀው ሰዎቹን በመንገድ ላይ ማየትን ነው።

ይህ ጥበቃ ትናንት የተፈጠረ አይደለም። የጉዞ ትረካ ከመጽሐፍ ወደ ቴሌግራፍ፣ ከሬዲዮ ወደ ቴሌቪዥን፣ ከዚያም ወደ ስልክ በተሸጋገረ ቁጥር ጥበቃውም ቅርጹን ቀይሯል። ከእነዚህ ሽግግሮች ብዙዎቹ ኢትዮጵያን ነክተው አልፈዋል፤ የመጨረሻው ደግሞ በጌዴኦ ዞን፣ በገደብ ወረዳ፣ ባንኮ ጎቲቲ ከምትባለው የቡና ቀበሌ ደጃፍ ደርሷል።

የመጀመሪያው ዘመን የመጽሐፍ ዘመን ነው። ፖርቱጋላዊው ቄስ ፍራንሲስኮ አልቫሬዝ ከ1520 እስከ 1526 (እ.ኤ.አ.) በአገራችን ቆይቶ ያየውን የሚተርከው መጽሐፉ የታተመው በ1540 ነበር። ስኮትላንዳዊው ጄምስ ብሩስ በ1774 ወደ አገሩ ተመልሶ ባለ አምስት ቅጽ ሥራውን ለአንባቢ ያቀረበው በ1790 ነው፤ አሥራ ስድስት ዓመት ዘግይቶ ማለት ነው። በዚያ ዘመን አንባቢ የሚጠብቀው ያለቀ ጉዞን ነበር። ተጓዡ በሕይወት ስለ መመለሱ ጥያቄ የለም፤ ጥያቄው የተናገረው እውነት ስለ መሆኑ ነበር፤ ብሩስም በዚህ ጥርጣሬ ክፉኛ ተጎድቷል።

ሁለተኛው ዘመን የመጣው በቴሌግራፍ ሽቦ ነው። በ1860 ዓ.ም. የእንግሊዝ ጦር ወደ መቅደላ ሲዘምት ለኒው ዮርክ ሄራልድ የሚጽፈው ሄንሪ ሞርተን ስታንሊ አብሮ ተጉዟል፤ የመቅደላ ወሬም በእርሱ ጋዜጣ በኩል ከሁሉ ቀድሞ ተሰማ። አንባቢው መጨረሻውን ሳያውቅ ጉዞውን በየዕለቱ መከተል ጀመረ። ዛሬ የምናውቀው ጉጉት የተወለደው እዚህ ይመስለኛል፤ በአፄ ቴዎድሮስ የመጨረሻ ቀናት ላይ መወለዱ ግን ለእኛ ደስ የሚያሰኝ አይደለም።

እስካሁን ተጓዡ ሁሉ የውጭ ሰው ነበር። ሦስተኛው ምዕራፍ ይህን ይገለብጠዋል። በ1916 ዓ.ም. ራስ ተፈሪ አውሮፓን ሲጎበኙ አብረው የተጓዙት ብላቴን ጌታ ኅሩይ ወልደ ሥላሴ ያዩትን ለአገር አንባቢ ጻፉ፤ በ1924 ዓ.ም. ደግሞ የጃፓን ጉዟቸውን «ማኅደረ ብርሃን ሀገረ ጃፓን» ብለው አሳተሙ። በ1917 ዓ.ም. የተጀመረው «ብርሃንና ሰላም» ጋዜጣም አንባቢውን በየሳምንቱ ወሬ እንዲጠብቅ አለማመደው። ማንበብ የሚችለው ሰው ጥቂት ስለነበር ጥበቃውም የጥቂቶች ነበር።

ብዙኃኑን የጨመረው ሬዲዮ ነው። በ1927 ዓ.ም. የተጀመረው የአገራችን ሬዲዮ ከአሠርት ዓመታት በኋላ «ፍቅር እስከ መቃብር»ን በወጋየሁ ንጋቱ ድምፅ በተከታታይ ሲያስተላልፍ፣ መጽሐፉን ያልገዛ፣ ማንበብም የማይችል ሰው ሳይቀር ሰዓቱን ጠብቆ ሬዲዮ ያለበት ቤት ይሰበሰብ ነበር። ልብ ካልን ያም ልቦለድ በከፊል የጉዞ ታሪክ ነው፤ ዋናው ገጸ ባሕርይ በዛብህ የሚጨርሰው በመንገድ ላይ ነው። ከዚያ ወዲህ የመጡት የቴሌቪዥን ተከታታይ ድራማዎች፣ «ገመና»ም «ሰው ለሰው»ም፣ በሬዲዮ የተገነባውን የጥበቃ ልማድ ነው የወረሱት። በ2008 ዓ.ም. ቃና ቴሌቪዥን የውጭ ድራማዎችን በአማርኛ ድምፅ ይዞ ሲመጣ ሕዝቡ ክፍል የመጠበቅን ነገር አዲስ መማር አላስፈለገውም።

ወደ ጎልፍ እንመለስ። በ1960ዎቹ (እ.ኤ.አ.) አሜሪካ ውስጥ «ሼልስ ወንደርፉል ወርልድ ኦፍ ጎልፍ» የተባለ ተከታታይ ፕሮግራም ታላላቅ ተጫዋቾችን በየአገሩ ሜዳዎች እያጋጠመ፣ ከጨዋታው ጋር አገሩንም እያሳየ ተመልካች አፈራ። የዛሬዎቹ የመንገድ ላይ ቪዲዮዎች የዚህ የልጅ ልጆች ናቸው፤ ልዩነቱ ሻምፒዮኑ ወጥቶ ተራው ሰው መግባቱ ነው። የእኛ ቴሌቪዥን ሥራ የጀመረው በዚያው አሠርት፣ በ1957 ዓ.ም. ነው። በዚያው ዘመን ሀብተ ሥላሴ ታፈሰ የአገሪቱን ቱሪዝም ሲያደራጁ «የአሥራ ሦስት ወር ፀጋ» የሚለውን መጠሪያ አወጡ። የተጓዡ መስመር ግን ወደ ሰሜን ነበር፦ ባሕር ዳር፣ ጎንደር፣ ላሊበላ፣ አክሱም። ደቡቡ ከዚህ ካርታ ውጭ ቀረ።

ጎልፍ ራሱ በአገራችን የኤምባሲና የክበብ ጨዋታ ሆኖ ኖሯል፤ የአዲስ አበባው የብሪታንያ ኤምባሲ ሰፊ ግቢ የራሱ መጫወቻ ነበረው። ገናን በዱላና በሩር ለሚጫወት ሕዝብ ሐሳቡ ባዕድ አይደለም፤ ባዕዱ የሚፈልገው መሬት ነው። ባለ 18 ቀዳዳ ሜዳ አብዛኛውን ጊዜ 50 ሄክታርና ከዚያ በላይ ይወስዳል። የጌዴኦ ገበሬ ደግሞ በአማካይ ከአንድ ሄክታር ባነሰ መሬት ላይ እንሰቱን፣ ቡናውንና የጥላ ዛፉን ደራርቦ ተክሎ ቤተሰብ ያስተዳድራል። ስለዚህ የጎልፍ ወዳጆች የሚጠብቁት ዓይነት ጉዞ ወደ ጌዴኦ ቢመጣ ሜዳ አያገኝም።

መንገዱ ግን አለ፤ ከጥንትም ተጓዥ አላጣም። እ.ኤ.አ. በ1920ዎቹ ፈረንሳዊው አባ አዛይስ ደቡቡን እየዞሩ ትክል ድንጋዮችን መዝግበው ሥራቸውን በ1931 አሳተሙ። ከ1943 ዓ.ም. በኋላ የአውራ ጎዳና ባለሥልጣን ሲቋቋም አገሪቱን በመኪና ማቋረጥ ቀስ በቀስ የተለመደ ነገር ሆነ፤ ከአዲስ አበባ 360 ኪሎ ሜትር ገደማ የምትርቀው ዲላም ወደ ሞያሌና ናይሮቢ በሚወርደው አውራ ጎዳና ላይ የንግድ ከተማ ሆና አደገች። እ.ኤ.አ. በ1991፣ ደርግ በወደቀ በወራት ውስጥ፣ እንግሊዛዊው ማይክል ፔሊን ከሰሜን ዋልታ እስከ ደቡብ ዋልታ በሚያደርገው ጉዞ ከሱዳን ድንበር እስከ ሞያሌ አገራችንን አቋረጠ፤ ባለ ስምንት ክፍሉ «ፖል ቱ ፖል» በ1992 ታየ። በ2007 ደግሞ ተዋናዩ ዩዋን ማግሬገርና ቻርሊ ቡርማን በሞተር ብስክሌት ከስኮትላንድ ተነሥተው፣ በኢትዮጵያ በኩል አልፈው ደቡብ አፍሪካ ገቡ። እነዚህ ሥራዎች ተመልካችን መንገዱን ራሱን እንዲወድ አስተማሩት። ለደቡባችን ግን ጥቂት ደቂቃ ብቻ ነው የሰጡት፤ መኪናውን አቁሞ የጠየቀ የለም።

መኪናውን ያስቆመው ቡና ነው። እ.ኤ.አ. በ2006 የወጣው «ብላክ ጎልድ» የተባለው ዘጋቢ ፊልም፣ የቡና ገበሬዎች ዩኒየን መሪው ታደሰ መስቀላ ለገበሬው የተሻለ ዋጋ ፍለጋ ከአገር አገር ሲዞሩ ተከተላቸው፤ የቡና ጠጪው ዓለምም ከስኒው ጀርባ ያለውን መንገድ አየ። በዚያው ሰሞን ኢትዮጵያ የይርጋ ጨፌን፣ የሲዳሞንና የሐረርን ስም በንግድ ምልክትነት ለማስመዝገብ ከስታርባክስ ጋር ተሟግታ በ2007 ስምምነት ላይ ደረሰች። በ2000 ዓ.ም. የተከፈተው የምርት ገበያ ቡናውን በየደረጃውና በየአካባቢው ስም እየጠቀለለ ስለሚሸጥ የቀበሌው ስም ይጠፋ ነበር፤ በዚህ ወቅት ስሙን ይዞ የሚወጣው በዋናነት በማኅበራትና በዩኒየኖች በኩል የሚሸጠው ብቻ ነበር። ከ2009 ዓ.ም. ወዲህ ደንቡ ሲላላ ላኪዎች መነሻውን ጽፈው መላክ ቻሉ። ባንኮ ጎቲቲ የሚለው ስም በኦስሎም በሶልም በሚገኙ የቡና መቁያ ቤቶች ከረጢት ላይ የተለመደው በዚህ ሂደት ነው። ስሙን ተከትለው ገዢዎች መጡ፤ ገዢዎቹን ተከትሎ ካሜራ መጣ። ከዲላ በይርጋ ጨፌ በኩል እስከ ገደብ ያለው ጉዞ፣ የቡና መፈልፈያው፣ ቡናው የሚደርቅባቸው አልጋዎችና ቅምሻው የቡና ወዳጆች በየመከሩ ወቅት የሚጠብቁት ተከታታይ ሆኗል።

በመካከል ሌላ ዓይነት ካሜራም መጥቷል። በ2010 ዓ.ም. በጌዴኦና በጉጂ መካከል በተነሣው ግጭት መቶ ሺዎች ሲፈናቀሉ ገደብ ወረዳ ብዙዎችን አስጠለለ፤ በ2011 ዓ.ም. ጎቲቲ በዓለም ዜና የተጠራችው በቡናዋ ጣዕም ሳይሆን በተፈናቃዮቿ ረኃብ ነበር። ያን ዜና ማንም በጉጉት አልጠበቀውም፤ ካሜራውም ነገሩ ሲረግብ ሄደ። ስለ ቡናው ጉዞ የተሠሩት ያማሩ ቪዲዮዎች ያን የመፈናቀል ጊዜ ዘልለው ማለፋቸው ከድክመታቸው ሁሉ የሚከፋ ይመስለኛል።

የአሁኑ ዘመን ምልክት ስልክ ነው። የውጭው ተጓዥም፣ እንደ ሄኖክ ስዩም ያለው «ተጓዡ ጋዜጠኛ»ም፣ የዲላ ተማሪም የሚጠቀሙበት መሣሪያ ተቀራርቧል። እ.ኤ.አ. በመስከረም 2023 የጌዴኦ ባህላዊ መልክዓ ምድር በዩኔስኮ የዓለም ቅርስነት ሲመዘገብ የቱቱ ፈላና የጨልባ ቱቲቲ ትክል ድንጋዮች አዲስ ተመልካች አገኙ፤ የአካባቢው ወጣቶችም የራሳቸውን ምስል በብዛት ማውጣት ያዙ። የጎደላቸው ምስል አይደለም፤ የጎደለው ቀጠሮ ነው። የጎልፉ ልጆች ተከታይ ያፈሩት ሜዳቸው ስላማረ ብቻ ሳይሆን ሰው ቀጣዩ ክፍል መቼ እንደሚመጣ ስለሚያውቅ፣ ያለፈው ክፍል የት እንደቆመ ስለሚያስታውስም ነው። የእኛ ልጆች ግን አንድ ቀን አሥር ቪዲዮ ለቀው ሁለት ወር ይጠፋሉ።

ቀጠሮውን ደግሞ ቡናው ራሱ ይሰጣቸዋል። የበጋው ድርቀት በዝናብ ሲሰበር ቡናው ያብባል፤ ክረምቱን ፍሬው ያድጋል፤ ከጥቅምት ጀምሮ እሸቱ ይለቀማል፣ ይፈለፈላል፣ ይታጠባል፤ እስከ ጥርም አልጋ ላይ ይገላበጣል። ከዚያ መኪና ላይ ተጭኖ በገደብ መንገድ ወደ ዲላ፣ ከዲላም ወደ አዲስ አበባ ይወጣል። ባለ ብዙ ክፍል ጉዞ ነው፤ ገበሬውም በየዓመቱ የመጨረሻውን ክፍል፣ የዋጋውን ነገር፣ ከማንም ተመልካች በበለጠ ጭንቀት ይጠብቃል። አንድ የጎቲቲ ወጣት ካሜራውን ይዞ ቢነሣ አንደኛውን ክፍል በአበባው ወራት ቢጀምር፣ የዋጋውንም ቀን ሳይዘልል ቢቀርጽ ይሻለዋል።