መስከረም አንድ እና መስከረም ሁለት



አሜሪካ ተቀምጦ ለሚያስተምር ኢትዮጵያዊ እንቁጣጣሽ አስቸጋሪ በዓል ነው። ዘመነ ዮሐንስ ካልሆነ በቀር መስከረም 1 የሚውለው ሴፕቴምበር 11 ላይ ነው። ከ1994 ዓ.ም. ዘመን መለወጫ፣ ከዚያ ከታወቀው ማክሰኞ ወዲህ ደግሞ፣ ቀኑ የአገሩ ሰዎች ባንዲራቸውን ዝቅ አድርገው ሙታናቸውን የሚያስቡበት ሆኗል። በእንዲህ ያለ ቀን ክፍል ገብቶ «ዛሬ የእኛ አዲስ ዓመት ነው» ማለት አፍ ይይዛል። ስለዚህ በዓሉ ወደ ቅዳሜ ይገፋል፤ አዳራሽ ይከራያል፣ ዶሮ ይሠራል፣ ንግግር ይደረጋል። (ንግግሩ ዶሮውን ያቀዘቅዘዋል።)

ይህ ግጥምጥሞሽ ነውና ማንንም አያስወቅስም። የታሪክ መምህር እንደመሆኔ ይበልጥ የሚያሳስበኝ ግን ሆነ ተብሎ፣ በገዛ እጃችን በመስከረም ላይ የተደረገው ነው።

መስከረም 1 ቀን 1967 ዓ.ም. ማታ የኢትዮጵያ ቴሌቪዥን እንግሊዛዊው ጋዜጠኛ ጆናታን ዲምብልቢ ስለ ወሎ ረኃብ የሠራውን ፊልም አሳየ። ፊልሙ እንደ መጀመሪያው አልነበረም፤ በረኃብተኞቹ ምስል መካከል የቤተ መንግሥት ግብዣ፣ ሻምፓኝና ሥጋ የሚጎርሱ ውሾች ገብተውበት ነበር። በማግስቱ፣ መስከረም 2 ቀን፣ ቀዳማዊ ኃይለ ሥላሴ ከዙፋናቸው ወርደው በትንሽ ቮልስዋገን ተወሰዱ። ምሽቱ እንዲያው በአጋጣሚ የተመረጠ አይመስለኝም። በዚያን ጊዜ ቴሌቪዥን የነበረው ጥቂት የከተማ ሰው ነው፤ በእንቁጣጣሽ ማታ ደግሞ ያ ሰው ከነቤተሰቡ፣ ከነጎረቤቱ ቤቱ ተሰብስቦ ይገኛል። በልቶ ጠግቦ ለተቀመጠ የተማረ ሰው የተራበ ገበሬ ማሳየት ከታንክ የበለጠ ሥራ ይሠራል። ሠርቷልም።

ከዚያ በኋላ እስከ ሥርዓቱ ውድቀት ድረስ መስከረም 1 የመስከረም 2 ዋዜማ ሆነች። የአብዮት በዓል አውራ በዓል ሲሆን እንቁጣጣሽ ለቤተ ክርስቲያንና ለአበባየሆሽ ልጃገረዶች ተተወች። የእኔ እኩዮች የምናስታውሰው አደዩን ብቻ አይደለም፤ ቀበሌ ለነገው ሰልፍ ሲጠራም ጭምር ነው።

ከሁሉም የከፋው ግን የ1977ቱ ነው። በጳጉሜን 1976 ዓ.ም. ኢሠፓ ተመሠረተ፤ መስከረም 2 ቀን 1977 ዓ.ም. ደግሞ የአብዮቱ አሥረኛ ዓመት ሊከበር አዲስ አበባ በቀይ ጨርቅና በመፈክር አጊጣ፣ የሰሜን ኮሪያ ባለሙያዎች ጭምር መጥተው አስጊጠዋት ነበር። በዚያው ሰሞን በኮረም ሰው እንደ ቅጠል ይረግፍ ነበር። የእርዳታ ማስተባበሪያና መቋቋሚያ ኮሚሽን አስቀድሞ አስጠንቅቋል፤ የሰማው ግን አልነበረም። ዓለም ያወቀው በጥቅምት፣ ቢቢሲ ምስሉን ሲያሳይ ነው። ረኃብ ደብቀሃል ብሎ ንጉሥ ያወረደ ኃይል፣ በአሥር ዓመቱ፣ ያውም በዚያው በዓል ሰሞን፣ ያንኑ ደገመው።

እኛ በውጭ ያለነውስ? 2000 ዓ.ም. ሲገባ ኢሕአዴግ ሚሌኒየሙን በታላቅ ድግስ ሊቀበል ተነሣ፤ ቦሌ ላይ አዳራሽ ተሠራ። ከ1997ቱ ምርጫ በኋላ የታሰሩት የቅንጅት መሪዎች የተፈቱት ገና በሐምሌ 1999 ዓ.ም. ስለነበር ቁስሉ አልደረቀም። በስደት ያለውም ሰው «ይከበር»፣ «አይከበር» በሚል ተከፈለ። ቁጣው ይገባኛል። ነገር ግን በዓሉን መተው የመንግሥት ንብረት መሆኑን በፊርማ ማጽደቅ ነው፤ ደርግ በኃይል የወሰደውን ቀን በፈቃድ ማስረከብ ነው።

በ2011 ዓ.ም. ደግሞ ሌላ አየን። መስከረም 1 ቀን የኢትዮጵያና የኤርትራ መሪዎች በቡሬና በዛላምበሳ ድንበሩን ከፈቱ፤ ሃያ ዓመት የተለያየ ዘመድ በየመንገዱ ተቃቀፈ። በውጭ የሚኖሩ፣ ለዓመታት በአንድ ጠረጴዛ ተቀምጠው የማያውቁ ሰዎች በዚያ ሰሞን አብረው አለቀሱ። ድንበሩ ግን በወራት ውስጥ ተመልሶ ተዘጋ፤ በጥቅምት 2013 ዓ.ም. የትግራዩ ጦርነት ተነሣ። እኔ በምኖርበት ከተማ ያ አንዱ የቅዳሜ አዳራሽ ዛሬ ሦስት አዳራሽ ሆኗል። በሦስቱም ወጡ አንድ ነው፤ ሰንደቁ ይለያያል።

ወደ ኋላ ስመለከት ግን ከሁሉ በላይ የማከብረው ስደተኛ መምህር ፕሮፌሰር ጌታቸው ኃይሌ ናቸው። በ1968 ዓ.ም. የደርግ ወታደሮች ተኩሰው ካቆሰሏቸውና እግራቸው መራመድ ካቃተው በኋላ በሚኒሶታ፣ በኮሌጅቪል፣ በቅዱስ ዮሐንስ ዩኒቨርሲቲ የብራና መጻሕፍት ሲመረምሩ ኖረው በ2013 ዓ.ም. ዐረፉ። ከሥራዎቻቸው አንዱ በአማርኛ የጻፉት «ባሕረ ሐሳብ» ነው። አገር ቤት የነበረው መንግሥት መስከረም 2ን ሲያነግሥ ኖሮ ወደቀ፤ እርሱ ያሳደደው ሊቅ ግን በበረዶ አገር ተቀምጦ መስከረም 1 እንዴት እንደምትገኝ ጻፈ።

ስሌቱ ለሕፃን አይከብድም። በዓመተ ምሕረቱ ላይ 5500 ይደመራል፣ ለ4 ይካፈላል፤ ቀሪው 1 ከሆነ ማቴዎስ፣ 2 ማርቆስ፣ 3 ሉቃስ፣ ያለ ቀሪ ከተካፈለ ዮሐንስ ነው። ፊልሙ የታየበት 1967 ዘመነ ሉቃስ፣ ኮረም ያለቀሰችበት 1977 ዘመነ ማቴዎስ፣ የተጣላንበት 2000 ደግሞ ዘመነ ዮሐንስ ነበር።