ናፈቅሽኝ ወይስ ሚስ አደረግኩሽ?
ኅዳር 12 ነው፤ ከጎፋ እስከ ላፍቶ ቆሻሻው እየተቃጠለ ኅዳር ይታጠናል። የ1911ዱ የኅዳር በሽታ የፈጃቸው ይታወሳሉ። እኔን በዚህ ሰሞን የሚያባባኝ ግን በሕይወት ያለው፣ ባሕር የተሻገረው ወዳጅ ዘመድ ነው። «አክስትዬ፣ በጣም ሚስ አድርጌሻለሁ» ትለኛለች የእህቴ ልጅ በድምፅ መልእክት። ፍቅሯ ገብቶኛል፤ ግን «ሚስ» ለእኛ ወይ አስተማሪ ናት፣ ወይ ሳይነሣ የቀረ ስልክ።

በግእዙ «ናፈቀ» መጠራጠር፣ በሁለት ልብ መሆን ነው፤ ኑፋቄ የመጣው ከዚያ ነው፤ ግማሽ ማለት የሆነው «መንፈቅም» ዘመዱ ነው። ናፍቆታችንም የዚሁ ቤት ልጅ ይመስለኛል፤ የናፈቀ ሰው እኩሌታው ሌላ አገር ነዋ! ደግሞ «ሚስ አደረግኩሽ» ውስጥ አድራጊዋ እኔ ነኝ። «ናፈቅሽኝ» ስል ግን ባለቤቷ አንቺ፣ ተደራጊዋ እኔ። «ውል አልሽብኝ» ሲባልማ ጭራሽ ሳልጠራሽ መጣሽ ማለት ነው።

ሽቦ አልባውን መገናኛ «ንፋስ ስልክ» ያሉ ሰዎች ሰፈር እየኖርን ቃል አጣን ማለት ያሳፍራል። ለሰው «ናፈቅሽኝ» ይበቃል። ሠርግ ወይም ልቅሶ ሚስ ያደረገ «አመለጠኝ» ይበል።