የዕድገት አክሲዮን ወይስ የሰፊው ገበያ ድርሻ

ኢንዴክስ ፈንድ የብዙ ቆጣቢዎችን ገንዘብ አሰባስቦ በአንድ የገበያ መለኪያ የተካተቱ ኩባንያዎችን አክሲዮን የሚገዛ የጋራ ፈንድ ነው። በአሜሪካ ጆን ቦግል እ.ኤ.አ በ1976 ለግለሰቦች ካቀረበው ወዲህ ተስፋፍቷል።

ፈጣን ዕድገት የሚጠበቅባቸው ኩባንያዎች ወጣቶችን ይስባሉ። ሆኖም ቴክኖሎጂ የሚያይልበት የናስዳክ መለኪያ እ.ኤ.አ ከ2000 እስከ 2002 ከሦስት አራተኛ በላይ ዋጋውን አጥቶ ያገገመው በ2015 ነው፤ ሰፊው ኤስ ኤንድ ፒ 500 ግን በግማሽ ያህል ወርዶ በ2007 ተመልሷል። ለወጣትም ቢሆን 15 ዓመት አጭር ጊዜ አይደለም።

በአዋጅ ቁጥር 1248/2013 መሠረት የተቋቋመው የኢትዮጵያ ሰነደ ሙዓለ ንዋዮች ገበያ በጥር 2017 ዓ.ም ሲከፈት ቀዳሚው ተመዝጋቢ ወጋገን ባንክ ነበር። በልደታ ክፍለ ከተማ የሚሠራ አንድ ወጣት የመንግሥት ሠራተኛ የሦስት ባንኮችን አክሲዮን ቢገዛ ገንዘቡን ያከፋፈለ ሊመስለው ይችላል። ይሁንና ብሔራዊ ባንክ በነሐሴ 2015 ዓ.ም የብድር ዕድገትን በ14 በመቶ ሲገድብ ውሳኔው ባንኮቹን በአንድነት ነክቷል። ከባንክ ዘርፍ ውጭ ያለው ኢትዮ ቴሌኮም በ2017 ዓ.ም አክሲዮኑን በ300 ብር ለሽያጭ ሲያቀርብ ዝቅተኛው ግዢ 33 አክሲዮን ወይም 9 ሺህ 900 ብር ነበር።