የዓመት ንባብ በመንዝና በመርሐቤቴ ደጋ

ዛሬ ሰው ዓመቱን ሙሉ ያነበበውን መለስ ብሎ ሲቆጥር የሚቆጥረው የራሱን ምርጫ ነው። መጽሐፍ ይመርጣል፣ ያነባል፣ ያስቀምጣል፣ ወደ ሌላው ያልፋል። በሰሜን ሸዋ ደጋ፣ ከዘመሮ እስከ መሐል ሜዳ፣ ከግሼ ራቤል እስከ ዓለም ከተማ ባለው አገር፣ ከማተሚያ በፊት ለኖረ አንባቢ ነገሩ እንዲህ አልነበረም። መጽሐፉን የሚመርጥለት ወሩና ዕለቱ ነበር። ጀርመናዊው የታሪክ ምሁር ሮልፍ ኤንግልሲንግ የአውሮፓን የንባብ ታሪክ ለሁለት ከፍሎት ነበር፦ እስከ 18ኛው መቶ ክፍለ ዘመን አጋማሽ ሰው ጥቂት መጻሕፍትን ደጋግሞ ያነብ ነበር፤ ከዚያ ወዲህ ብዙ መጻሕፍትን እያንዳንዱን አንድ ጊዜ ብቻ ማንበብ ጀመረ። የእኛን የደጋ አንባቢ ብዙዎች ያለማመንታት ከፊተኛው ወገን ይመድቡታል፤ ዳዊቱን ሲደግም የሚኖር፣ ሌላ የማያውቅ ሰው አድርገው ይቆጥሩታል። ይህ ፍርድ ስሕተት ነው ብዬ እከራከራለሁ። የዚህ አገር ንባብ ተደጋጋሚም ነበር፣ ልዩ ልዩም ነበር፤ ሁለቱንም በአንድነት ያስቻለው ደግሞ ንባቡ በዓመት ዙር መደልደሉ ነው።

ዋናው ምስክር ስንክሳር ነው። ይህ መጽሐፍ በ14ኛው መቶ ክፍለ ዘመን ማብቂያ ገደማ በግብፅ በቅዱስ እንጦንስ ገዳም ይኖር በነበረ ስምዖን በሚባል መነኩሴ ከዐረብኛ ወደ ግዕዝ ተመለሰ፤ በኋላም የኢትዮጵያ ቅዱሳን ታሪክ እየተጨመረበት ሰፋ። ብዙውን ጊዜ በሁለት ጥራዝ ይጻፋል፤ አንዱ ከመስከረም እስከ የካቲት፣ ሌላው ከመጋቢት እስከ ጳጉሜን። ለእያንዳንዱ ዕለት የሚነበብ ስላለው ዓመቱን የተከታተለ ሰው ጥር 22 ከግብፅ በረሃ ከእንጦንስ ጋር ይውላል፣ ግንቦት 11 ከያሬድ፣ ሰኔ 12 ከላሊበላ፣ ሐምሌ 26 ከአባ ሰላማ ከሣቴ ብርሃን ጋር። በመካከሉ የሮም ነገሥታት፣ የሶርያ መነኮሳት፣ የእስክንድርያ ሊቃነ ጳጳሳት፣ በዲዮቅልጥያኖስ ዘመን የተሠዉ ሰማዕታት ይመላለሳሉ። የወሩ መግቢያ የቀንና የሌሊቱን ሰዓት ልክ ይናገራል፤ የየዕለቱም ታሪክ ሲያበቃ «ሰላም» የሚባለው አጭር ቅኔያዊ ድርሰት ይከተላል። ታሪክ፣ የዘመን ቁጥር፣ ግጥም በአንድ መጽሐፍ ውስጥ ናቸው። ከመንዝ ርቆ የማያውቅ ገበሬ የአንጾኪያንና የቂሳርያን ስም የሚያውቀው ከዚህ የተነሣ ነው።

ስንክሳር ብቻውን አልነበረም። በወር በ5 የአቡነ ገብረ መንፈስ ቅዱስ ገድል፣ በ12 ድርሳነ ሚካኤል፣ በ23 የጊዮርጊስ፣ በ24 የአቡነ ተክለ ሃይማኖት ገድል ይወጣል። ድርሳነ ሚካኤል ራሱ በወር በወር የተከፈለ ስለሆነ የኅዳር 12 ንባብ የሰኔ 12 አይደለም። ሰሙነ ሕማማት ሲገባ ሌላው ሁሉ ዝም ይልና ግብረ ሕማማት ብቻውን ሳምንቱን ይይዘዋል። ዳዊት ደግሞ ለሳምንቱ ቀናት ተከፋፍሏል፤ ከ150ው መዝሙር ጋር የነቢያት ጸሎት፣ መኃልየ መኃልይ፣ በቀን በቀን የተመደበው ውዳሴ ማርያም አንድ ላይ ይጠረዛሉ። ይህን ድልድል ማረጋገጥ የፈለገ ሰው ብራናውን ራሱን ይመልከት። በኅዳጉ ላይ «ዘሰኑይ»፣ «ዘሠሉስ» ወይም የወር ስም ተጽፎ ይገኛል፤ ጸሐፊው የጻፈው ሳይሆን ኋላ ያነበበ ካህን የጨመረው ብዙ ነው። በቅጠሎቹ ጠርዝ ላይ የተሰፉ ባለቀለም ክሮችም አሉ፤ ካህኑ አትሮንሱ ላይ ሆኖ የዕለቱን ምንባብ ሳይፈልግ እንዲገልጠው ነው። ጥጉ በጣት ብዛት የጠቆረ፣ ሰም የነጠበበት ቅጠል አለ፤ አጠገቡ ያለው ነጭ እንደሆነ የቀረ ቅጠልም አለ። የትኛው እንደተነበበ፣ የትኛው ቆሞ እንደቀረ ቆዳው ይመሰክራል። መጽሐፉን ያየ ሰው «ደጋግሞ ያንኑ» ሊል አይችልም።

የይዘቱ ስፋት ብዙ ጊዜ ተዘንግቷል። በሸዋ የደብረ ሊባኖስ እጨጌ የነበሩት አባ ዕንባቆም፣ ከየመን መጥተው ክርስትናን የተቀበሉ ሊቅ፣ በ1553 እ.ኤ.አ. ለዐፄ ገላውዴዎስ የበረላምንና የይዋስፍን ታሪክ ከዐረብኛ ወደ ግዕዝ መለሱ። ዛሬ ምሁራን እንደሚስማሙበት የዚያ ታሪክ ሥሩ የሕንዱ ቡድሃ ሕይወት ነው። በቋንቋ ከቋንቋ እየተሻገረ ሸዋ ድረስ መጥቷል። መጽሐፈ ሔኖክና ኩፋሌ በሙሉ የተገኙት በግዕዝ ብቻ ነው። በ1602 እ.ኤ.አ. ገደማ ከዐረብኛ የተመለሰው የዮሐንስ መደብር ታሪክም ዐረብኛው ጠፍቶ ግዕዙ ቀርቷል። እርግጥ ነው፣ እነዚህ ሁሉ በእያንዳንዱ የመንዝ ደብር ዕቃ ቤት አልተገኙም። አንድ ትልቅ መጽሐፍ የብዙ በግና ፍየል ቆዳ ይጠይቃል፤ ብራና ፋቂ፣ ቁም ጸሐፊ፣ ደጓሽ ይጠይቃል። ድኻው ደብር ወንጌል፣ መጽሐፈ ቅዳሴ፣ ተአምረ ማርያም፣ የታቦቱ ገድል ወይም ድርሳን፣ አንድ ሁለት ዳዊት ካለው በቂ ነበር። ይሁን እንጂ በእነዚህ ብቻ የሚያልፍ ዓመት እንኳ ጸሎትን፣ ታሪክን፣ ተአምርን፣ ትምህርትን ያፈራርቃል። ድኽነቱ የመጽሐፍ ቁጥርን ቀነሰ እንጂ ዙሩን አላፈረሰውም።

ከዚህ የሚከብድ ተቃውሞ አለ። ዓመቱን የደለደለው አንባቢው ሳይሆን ሥልጣን ነበር ይባላል። እውነት ነው፣ በቀላሉም አይታለፍም። ከመንዝ ቁልቁል ቅርብ በሆነው በደብረ ብርሃን የከተሙት ዐፄ ዘርዐ ያዕቆብ (1434–1468 እ.ኤ.አ.) ተአምረ ማርያም በ33ቱ የእመቤታችን በዓላት እንዲነበብ ሥርዓት አወጡ። ትእዛዛቸውን ያልተቀበሉት ደቂቀ እስጢፋኖስ ምን ያህል ግርፋት፣ እስራትና ስደት እንደደረሰባቸው የራሳቸው ገድል ይናገራል። ስለዚህ የዓመቱን ንባብ ንጹሕ የሕዝብ ፍላጎት አድርጎ ማቅረብ ደም የፈሰሰበትን ታሪክ መሸፈን ይሆናል። ነገር ግን ትእዛዝ ልማድን ሊጀምር ይችላል፤ ለአምስት መቶ ዓመት በድኻ ደብር ውስጥ ሊያቆየው አይችልም። ያንን የሚያደርገው ቆዳውን ያዋጣው ምእመን፣ መጽሐፉን በነፍሱ ስም ያስጻፈው ባለርስት፣ ስሙ እንዲነሣለት በገጹ ግርጌ ያስመዘገበው ሰው ነው። የእስጢፋኖሳውያን ገድልም በዚያው በግዕዝ ተጽፎ፣ በምስጢር እየተገለበጠ መቆየቱ ሌላ ነገር ያሳያል፦ ተቃዋሚውም የሚናገረው በገድል መልክ ነበር። ቅርጹ የገዥ ብቻ ንብረት ቢሆን ኖሮ ተገፊው አይጠጋበትም ነበር።

ሁለተኛው ተቃውሞ የቋንቋ ነው፤ ግዕዙን ያወቀው ማን ነው? ዳዊት ደጋሚው ሁሉ አላወቀም። የአብነት ተማሪ ፊደል ቆጥሮ፣ ግዕዝ ንባብ፣ ውርድ ንባብ፣ ቁም ንባብ አልፎ ዳዊት ሲደግም አንደበቱ ይፈታል፤ ምስጢሩ የሚገለጥለት ግን ቅኔ ቤት ሲገባ፣ ከዚያም ትርጓሜ ቤት ሲቀመጥ ነው። ሴቶችማ ከዚህ መንገድ በብዛት ተገልለው ኖረዋል፤ ይህ የሥርዓቱ ትልቅ ጉድለት ነው፣ የማስተባብልበት ቃል የለኝም። ነገር ግን ንባብን ለብቻ፣ በዝምታ፣ በዐይን የሚደረግ ብቻ አድርገን ካየነው የዚህን አገር ታሪክ አናገኘውም። አንዱ ያነባል፣ ሌላው ይሰማል፣ ካህኑ በአማርኛ ይተረጉመዋል። ማኅበሩ በወሩ ቀን በባለተራው ቤት ሲሰበሰብ ጸሎት ደርሶ፣ ተአምሩ ተነቦ ነው ጠላው የሚቀዳው፤ የሰማው ታሪክ እናት ለልጇ የምትነግረው ይሆናል። ይህ የመስማት ንባብ ከቤተ ክርስቲያን ውጭም አልሞተም። የሐዲስ ዓለማየሁ «ፍቅር እስከ መቃብር» በ1958 ዓ.ም. ታትሞ ሲወጣ መጽሐፉን በእጁ የያዘው ጥቂት ነው፤ ወጋየሁ ንጋቱ በኢትዮጵያ ሬድዮ ሲተርከው ግን ፊደል ያልቆጠረው ሁሉ በዛብህንና ሰብለ ወንጌልን አወቃቸው። እነዚያን አድማጮች «አላነበቡም» ብሎ ማለፍ የሚደፍር ያለ አይመስለኝም። የስንክሳሩን አድማጭ በምን ሚዛን ለይተን እናስወጣዋለን?

ማተሚያ ሲመጣ ይህ ዙር ተሰበረ የሚለውንም አልቀበልም፤ መጀመሪያ ያደረገው ተቃራኒውን ነው። ብርሃንና ሰላም ማተሚያ ቤት በ1914 ዓ.ም. ተቋቋመ። የቡልጋው ሰው ተስፋ ገብረ ሥላሴም ፊደሉን፣ ዳዊቱን፣ ድርሳኑን፣ ገድሉን በርካሽ ዋጋ እያሳተሙ ለገበያ አወጡ። በደብሩ ዕቃ ቤት ብቻ የነበረው የወር ንባብ ወደ ገበሬው ጎጆ ገባ፤ ብዙውም ግዕዙና አማርኛው ጎን ለጎን ሆኖ ነው። በ1971 ዓ.ም. የተጀመረው የመሠረተ ትምህርት ዘመቻ ደግሞ ዓላማው ሌላ ቢሆንም ለዚህ ንባብ አዲስ ዐይን አመጣለት፤ በዘመቻው ፊደል የለየ ጎልማሳ የታተመውን ድርሳን በራሱ ዐይን ማንበብ ቻለ።

አደጋው ሌላ ቦታ ነው። የታተመው መጽሐፍ አትሮንሱ ላይ ሲወጣ የብራናው ወደ ጥግ ይገፋል፤ በእርጥበትና በአይጥ ይበላሻል፣ ይሰረቃል፣ ይሸጣል። በ1973 እ.ኤ.አ. ሥራ የጀመረው የኢትዮጵያ ብራና መጻሕፍት የማይክሮፊልም ድርጅት ከሸዋ አብያተ ክርስቲያናት፣ መንዝና ግሼንም ጨምሮ፣ ብዙ መጻሕፍት በፊልም አንሥቷል፤ የሸንኮራው ተወላጅ ፕሮፌሰር ጌታቸው ኃይሌም በአሜሪካ ሚኒሶታ ተቀምጠው ዕድሜያቸውን ያሳለፉት እነዚያን መጻሕፍት በመዘርዘር ነው። ያ ሥራ ባይኖር ጽሑፉ ራሱ በጠፋ ነበር። ፊልሙ ግን ጥቁርና ነጭ ነው፤ የክሩን ቀለም አያሳይም፣ በጣት የጠቆረውን ጥግ ከጥላ አይለይም። አንድ መጽሐፍ ምን እንደሚል ከሚኒሶታ ማወቅ ይቻላል፤ በየትኛው ወር፣ በየትኛው ቅጠል ላይ፣ ምን ያህል እንደተነበበ የሚታወቀው ግን እዚያው ደብሩ ተሂዶ፣ ከማኅደሩ ወጥቶ፣ በዕቃ ቤቱ ጠባቂ ፊት ሲገለጥ ነው። የንባብ ታሪካችንን የሚጽፍ ሰው መጀመር ያለበት ከዚያ ነው፤ ደጓሹ አሮጌውን ጥራዝ ሲያድስ እነዚያን ክሮች ቆርጦ ሳይጥላቸው።